የጤና ሥርዓት አስተዳደር ምንድን ነው?

አንድ የክትባት ፍሪጅ እናስብ። ክትባቶች በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ ነርሷ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን እያየች በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ትመዘግባለች። አንድ ቀን ጠዋት ስታየው 12 ይላል። ፍሪጁ ተበላሽቷል።

አሁን ለማን ትደውል? ጥገናውን የሚያዘው ማነው? ለመለዋወጫ የተያዘ በጀት አለ? ክትባቱ ቢበላሽስ ማን ይጠየቃል? መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ጉዳዩ በዕለቱ መላ ይበጅለታል። ካልታወቀ ግን ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት እናቶች ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ይመለሳሉ።

የጤና ሥርዓት አስተዳደር የምንለው ይህንኑ ነው። ማን ይወስናል፣ በምን መረጃ ይወስናል፣ ለማንስ መልስ ይሰጣል የሚለውን ከሚኒስቴር እስከ ጤና ጣቢያ መልክ ማስያዝ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የጤና ሥርዓትን በስድስት ከፍሎ አስቀምጧል፦ አገልግሎት፣ ባለሙያ፣ መረጃ፣ መድኃኒትና ክትባት፣ ፋይናንስ፣ እንዲሁም አመራርና አስተዳደር። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሆስፒታል ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ የግዥ መመሪያ ሲስተካከል ግን ማንም ልብ አይለውም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኼ ነው፤ የቀሩት አምስቱ የሚቆሙት በእሱ ነውና።

አስተዳደሩ የሚመራበት ስትራቴጂክ ዕቅድስ? ብዙውን ጊዜ የአምስት ዓመት ሰነድ ነው። ዋናው ሥራው መምረጥ ነው። ገንዘቡም ባለሙያውም ለሁሉም አይበቃም፤ ሁሉንም ነገር «ቅድሚያ የሚሰጠው» ብሎ የሚዘረዝር ዕቅድ ምንም አልመረጠም። ሌላው ችግር ከበጀት ጋር አለመያያዙ ነው። ዕቅዱን የሚጽፈው ጤና ሚኒስቴር ነው፤ ቦርሳውን የያዘው ግን ገንዘብ ሚኒስቴር። ሁለቱ ከመጀመሪያው አብረው ካልተቀመጡ ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በእርዳታ ላይ ለተደገፈ አገር ደግሞ ለጋሾችም አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ፕሮጀክትና የራሱን የሪፖርት ቅጽ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ እርዳታ ውጤታማነት በወጣው የፓሪስ መግለጫ ለጋሾች ከተቀባዩ አገር ዕቅድ ጋር ለመጣጣም ቃል የገቡት ለዚህ ነበር።

ይህን ሁሉ ለማጠናከር ከየት ይጀመር ቢባል፣ እኔ ከዚያች የፍሪጅ ወረቀት እጀምራለሁ። በየወሩ መጥቶ የሚያያት፣ ያየውንም ይዞ እርምጃ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። ማንም ካላያት ነርሷም አንድ ቀን ቴርሞሜትሩን ሳታይ «5» ብላ መጻፍ ትጀምራለች። ያ 5 ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴር ይሄዳል፤ የሚቀጥለው የአምስት ዓመት ዕቅድም በእሱ ላይ ይሠራል።