የካንዴላ የሙቀት ደረጃ ምንድን ነው? ቀዝቃዛ ካንዴላ ሞተር አያቀዘቅዝም

«ቱርቦ ነው? በቃ ቀዝቃዛ ካንዴላ አስገባበት፣ የሞተሩ ሙቀት ይወርዳል፣ ጉልበትም ይጨምራል።» ይህን ምክር በየቦታው እሰማለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በሙሉ ልብ «ሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ አስገባሁ፣ መኪናዋ ነፍስ ዘራች» ሲል አነበብኩ። ወንድሜ፣ ነፍስ የዘራችው ያረጀውን ካንዴላ በአዲስ ስለቀየርክ ነው። ደረጃው ያመጣው ጉልበት የለም።

ካንዴላ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ ነው። የሙቀት ደረጃ ማለት ካንዴላው ጫፉ ላይ የሚያርፍበትን ሙቀት ምን ያህል ፈጥኖ ወደ ቴስታታው (ወደ ሞተሩ የላይኛው ክዳን) እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስለ ብልጭታው ጥንካሬ ምንም አይልም። ቃጠሎው ምን ያህል እንደሚግልም አይልም። ልዩነቱ ያለው መሃል ላይ ያለው የነጭ ሴራሚክ አፍንጫ ላይ ነው። አፍንጫው ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አካል ለመድረስ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጫፉ ይግላል፤ ይህ ሙቅ ካንዴላ ነው። አጭር ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ የምንለው ይኼኛውን ነው።

የጣሪያ አሸንዳን አስቡ፤ ዝናቡ የቃጠሎው ሙቀት ነው፣ አሸንዳው ካንዴላው። ሐምሌ ላይ ሰፊ አሸንዳ ስለሰቀላችሁ ዝናቡ አይቀንስም። የአሸንዳው ሥራ የወረደውን ውሃ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ከዝናቡ አንጻር ጠባብ ከሆነ ሞልቶ ግድግዳው ላይ ይፈስሳል። ሞተር ውስጥ ይህ የሚሆነው የካንዴላው ጫፍ ከ850 ዲግሪ ገደማ በላይ ግሎ፣ ብልጭታው ገና ሳይመጣ ቤንዚኑን ራሱ ሲያቀጣጥለው ነው። ፒስቶን የሚበሳው እንዲህ ነው፣ ለዚያውም በሰከንዶች ውስጥ። በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ ውሃው ስስ ሆኖ ስለሚሄድ ቅጠሉንና አፈሩን ጠርጎ መውሰድ ያቅተዋል፣ ውሎ አድሮ ይደፈናል። ካንዴላም ጫፉ ከ450 ወይም ከ500 ዲግሪ በታች ከዋለ ጥላሸቱን ማቃጠል አይችልም። ጥላሸቱ ሴራሚኩ ላይ ይጋገርና ኤሌክትሪኩ በጫፉና በጎኑ ብረት መካከል ያለውን ክፍተት መዝለሉን ትቶ በዚያ በኩል ያመልጣል። መኪናዋ ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ መብራት ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ ያስገባው ሰውዬ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር እያስጠረገ ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱ ያለው ግን ካንዴላው ላይ ነው።

ቱርቦ (አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ሲጨመር ወይም ግፊቱ ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ሲደረግ ዝናቡ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ አሸንዳው ይሰፋል፣ በዝናቡ ልክ ግን። የካንዴላ አምራቹ ኤንጂኬ ራሱ የሚሰጠው ግምት ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት ለሚሆን ጭማሪ አንድ ደረጃ መቀዝቀዝ ነው፤ አንዱ ደረጃ ጫፉን ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ያወርደዋል። ይህን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሳል፣ የሲሊንደሩን ብዛት ግን ማንም አይጠይቅም። የቶዮታ ሱፕራ 2ጄዜድ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ 100 ፈረስ ሲጨመርበት ለአንድ ሲሊንደር የሚደርሰው 17 ገደማ ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ የሱባሩ ኢጄ25 ላይ ያው 100 ፈረስ ለአንዱ 25 ይደርሰዋል። ጫፉ የሚያውቀው የራሱን ሲሊንደር ሙቀት ብቻ ነው።

ቁጥሩንም ተጠንቀቁ። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ቦሽና ሻምፒዮን ላይ ተቃራኒው ነው። የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር፣ 7 ከ22 ጋር፣ 8 ከ24 ጋር ይመሳሰላል። ኢሪዲየም መሆኑ ደግሞ ከደረጃው ጋር አይገናኝም፤ እሱ የጫፉ ብረት ጉዳይ ነው፣ በሙቅም በቀዝቃዛም ይሠራል።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ግፊት ስትጨምር ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ካንዴላ» ይባላል። ያ መቆራረጥ ብዙ ጊዜ የክፍተት ጉዳይ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ቮልቴጁን የሚያመነጨው ኮይል ደግሞ ያንን ላይችል ይችላል። 1.1 ሚሊሜትር የነበረውን ወደ 0.8 ወይም 0.7 ስታጠቡት ይስተካከላል። ለተሻሻሉ ሞተሮች የሚሸጡት ቀዝቃዛ ካንዴላዎች ብዙዎቹ ጠባብ ክፍተት ይዘው ስለሚመጡ ነው ሰው ምስጋናውን ለደረጃው የሚሰጠው።

ማንኳኳትም እንደዚሁ ነው። ሞተር የሚያንኳኳው ብልጭታው ከመጣ በኋላ ያልተቃጠለው ጋዝ በራሱ ሲፈነዳ ነው። መነሻው የቸኮለ ብልጭታ፣ ዝቅተኛ ኦክቴን ወይም የጋለ የሚገባ አየር ነው። አሸንዳ ይህንን አያስተካክልም። እውነት ነው፣ ማንኳኳት ሲቆይ ጫፉን ስለሚያግለው ብልጭታው ሳይመጣ ወደ መቀጣጠል ይወስዳል፣ ቀዝቃዛ ካንዴላም ያንን ሁለተኛውን ጣጣ ሊያዘገይ ይችላል። መጀመሪያ የሚነካው ግን ቱኒንጉ ነው፣ ማለትም የብልጭታው ጊዜና የቤንዚኑ መጠን ማስተካከያ።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌላት ቪትዝ እዚህ የምትተነፍሰው አየር ስለሚቀንስ የምታመነጨው ሙቀትም ይቀንሳል። ለእሷ ቀዝቃዛ ካንዴላ መግዛት ጥላሸት መግዛት ነው፣ በተለይ በዚህ የመንገድ መጨናነቅ። ቱርቦም ቢሆን ጌጁ (ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ የሚያሳየው መለኪያ) 1 ባር ሲያሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ጠቅላላው 2 ባር ነው፣ አዲስ አበባ ግን 1.76 ገደማ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው የተጠቀመበትን ደረጃ ከመገልበጣችሁ በፊት ይህን አስሉ። የመኪናው ኮምፒውተር ጠቅላላውን ግፊት የሚከተል ከሆነ ግን ቱርቦው ጉድለቱን ለመሙላት የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩንም የበለጠ ያግለዋል።

ማሰሪያውም አይረሳ። ሙቀቱ የሚወጣው በአብዛኛው በጥርሱና በመቀመጫው በኩል ስለሆነ፣ የላላ ካንዴላ ቁጥሩ ምንም ይሁን ይግላል። አሸንዳው ከቱቦው ጋር ካልተጋጠመ ስፋቱ አይጠቅምም። በቶርክ ቁልፍ፣ በፋብሪካው ልክ እሰሩት።

መንገድ ላይ ለምትነዱ፣ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ላለ መኪና፣ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ መቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው፣ ግን ሙሉ ጋዝ ከሰጣችሁ በኋላ ወዲያው አጥፍታችሁ። ቀስ ብላችሁ ቤት ድረስ ነድታችሁ ካወጣችሁት የምታዩት የመጨረሻውን የዝግታ ጉዞ ነው። የጎኑ ብረት ላይ የቀለም ለውጡ እጥፋቱ አካባቢ ከሆነ ደህና ናችሁ። ሴራሚኩ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ወይም ያበጠ ከሆነ ሞቋል፤ የደረቀ ጥቁር ጥላሸት ከሸፈነው ቀዝቅዟል ወይም ቤንዚኑ በዝቷል። ጥቃቅን የአልሙኒየም ነጠብጣቦች ካያችሁበት ግን ደረጃ መምረጡን ተዉት። ያ ከፒስቶናችሁ የወጣ ብረት ነው፣ ቱኒንጉ ሳይታይ ያንን ሞተር አታስነሱት።