«ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል ውስጥ»፦ የአባባሉ ትርጉምና አመጣጥ

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ደብተሩን ታቅፎ ጥላ ሥር የተቀመጠ ቀለሜ ተማሪ ሲያይ ከአፉ የሚወጣው ይህ ነው፦ «ጤናማ አእምሮ የሚገኘው በጤናማ አካል ውስጥ ነው!» በየጂሙ ግድግዳ ላይ ይጻፋል፤ ማስ ስፖርት ሲዘጋጅም ከመድረክ ይነገራል። በአዘቦት ንግግር የሚይዘው ትርጉም ግልጽ ነው። ሰውነቱን የማያንቀሳቅስ ሰው ጭንቅላቱም ይደክማል፣ ስለዚህ ተነሥና ሩጥ ነው ነገሩ።

መጀመሪያ የተናገረው ሰው ግን ማንንም ሩጥ አላለም። ስንኙ የሮማዊው ገጣሚ የጁቬናል ነው፤ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጻፈው አሥረኛው የሽሙጥ ግጥሙ ውስጥ ይገኛል። ግጥሙ ሰዎች ከአማልክት በሚለምኑት ነገር ላይ ይሳለቃል። ሥልጣን የፈለገው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የጢባርዮስ ቀኝ እጅ ሴያኑስ መጨረሻው አስከሬኑ በመንጠቆ መጎተት ሆነ፤ ረጅም ዕድሜ የታደለው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም የከተማውን ጥፋት ለማየት በቃ። እንደዚህ ሁሉንም ካጣጣለ በኋላ፣ የአሳማ ሆድዕቃና ቋሊማ ይዛችሁ ወደ መቅደስ መሄዳችሁ ካልቀረ እንግዲህ በጤናማ አካል ውስጥ ጤናማ አእምሮ እንዲሆንላችሁ ጸልዩ ይላል፤ ሞትን የማይፈራ ልብም ያስከትላል። አካልና አእምሮ አብረው የሚለመኑ ስጦታዎች እንጂ አንዱ የሌላው ውጤት ነው አልተባለም። ሮማውያን በዳቦና በሰርከስ ተደለሉ የሚለው ዝነኛ ስላቅም የዚሁ ግጥም ነው። ይህን ሰው የስፖርት ሰባኪ ማድረግ ትንሽ ያስቃል።

ጸሎቱን መመሪያ ያደረገው በዋናነት 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመስለኛል። የዘመኑ የኮሌጅ ተማሪ ላቲን በግድ ስለሚማር ስንኙን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር፤ «ጸልዩ» የሚለው ተቆርጦ ቀሪው መፈክር ሆነ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1862 የተቋቋመው የሊቨርፑል አትሌቲክስ ክለብ መሪ ቃሉ አደረገው።

በአሜሪካ ግን ወደ ሥራ ሲተረጎም ማየት የሚፈልግ አምኸርስት ኮሌጅን ይመልከት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዊልያም ስተርንስ የተማሪዎች ጤና፣ በተለይ በጸደይ ወራት፣ እየተሰበረ ብዙዎች ትምህርታቸውን እንደሚያቋርጡ፣ ይህም መቅረት የሚችል ነገር እንደሆነ ለኮሌጁ ቦርድ ደጋግመው ያሳስቡ ነበር። በ1860 ጂምናዚየም ተሠራ፤ በ1861 ደግሞ ሐኪሙ ኤድዋርድ ሂችኮክ የንጽህና አጠባበቅና የሰውነት ማጎልመሻ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በሳምንት አራት ቀን፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት፣ ተማሪው በሙሉ በክፍሉ ተሰልፎ የእንጨት ዳምቤል ይዞ ይገባል፤ ፒያኖ ይመታል፤ በምቱ ልክ እጅ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሂችኮክ ሜትርና ሚዛን ይዘው የእያንዳንዱን ተማሪ ቁመት፣ ክብደት፣ የደረት ስፋት፣ የክንድ ውፍረት ይመዘግባሉ፤ ተማሪው እስኪመረቅም ልኬቱ ይደገማል። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1911 ድረስ፣ ከዚያ ሥራ አልወጡም። ተማሪዎቹ «ኦልድ ዶክ» ይሏቸው ነበር፤ ሽማግሌው ዶክተር እንደማለት ነው።

ወጣት ግን በፒያኖ ዳምቤል ማንሣት ብቻ አይበቃውም። ሃርቫርድና ዬል በ1852 በጀልባ ቀዘፋ ተወዳድረው ነበር፤ ራትገርስና ፕሪንስተን በ1869 በኳስ ገጠሙ። ከዚያ በኋላ የኮሌጅ ስፖርት የተያዘው በፉክክር እንጂ በጤና አልነበረም። በ1890ዎቹ የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወቱ ተማሪዎች የራስ ቁር ስላልነበራቸው ጭንቅላታቸውን እንዲከላከልላቸው ብለው ጸጉራቸውን ያሳድጉ ነበር። በ1894 ስፕሪንግፊልድ ላይ ሃርቫርድና ዬል ሲጋጠሙ ጨዋታው ወደ ድብድብ ተለወጠ፤ አንዱ የአንገቱ ሥር አጥንት ተሰበረ፣ ሌሎች በሸክም ወጡ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለት ዓመት በፉትቦል አልተገናኙም። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት በዓመታዊ ሪፖርቶቻቸው ይህን ጨዋታ አጥብቀው ይነቅፉ ነበር፤ የተመልካቹ ብዛት ግን ከእሳቸው ነቀፌታ ይበልጥ ነበር። ጂምናዚየም ለማሠራት የተጠቀሰው ስንኝ ለዚህ ሁሉ ሽፋን ሆኖ አገለገለ።

የኦሎምፒክ መሥራቹ ፒየር ደ ኩበርተንም አባባሉን አልወደዱትም ነበር፤ የሐኪም ትእዛዝ ሆነባቸው። በእሱ ፈንታ «ጠንካራ ጡንቻ ባለው አካል ውስጥ የጋለ አእምሮ» የሚል የራሳቸውን ላቲን አቀረቡ። የሚከተላቸው አላገኙም፤ ዛሬ በየግድግዳው የምናነበው የድሮውን ነው።

አባባሉ ከእኛ ሰው ጋር የተገናኘበት አንድ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 አበበ ቢቂላ ኦሳካ ላይ ማይኒቺ ማራቶንን ሲያሸንፍ የሮጠው የጃፓኑ ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ባግባባው ጫማ ነበር። የኦኒትሱካ ኩባንያ በ1977 ስሙን ሲለውጥ «አሲክስ» የተባለው ከዚሁ ስንኝ የላቲን ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ «አእምሮ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ነፍስ» ገብቶበታል። ጸሎቱ እዚያም የለም።