የቀደመ ፍርድ በኋለኛ ክርክር ያለው የማስረጃነት ዋጋ በኢትዮጵያ ሕግ

በአንድ ክርክር የተሰጠ ፍርድ በሌላ መዝገብ ላይ በሦስት መልክ ሊቀርብ ይችላል፦ አዲሱ ክርክር እንዳይሰማ እንደሚያግድ መቃወሚያ፣ አንድን ፍሬ ነገር እንደሚያስረዳ የጽሑፍ ማስረጃ፣ ወይም ሕጉ እንዴት እንደተተረጎመ እንደሚያሳይ አስገዳጅ ውሳኔ። የፍትሐብሔር ክርክርን የሚመራ ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ባለመኖሩ፣ ጉዳዩን የሚመለከቱት ደንቦች በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐብሔር ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ከእነዚህ ሕጎች በፊት ለክርክር የመጨረሻ እልባት የሚሰጠው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚያስችሉበት የዙፋን ችሎት ነበር።

ከሁሉም በተሟላ ሁኔታ የተደነገገው የመጀመሪያው መልክ ነው። የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 5 በቀጥታና በዋናነት ያከራከረ ጭብጥ በተመሳሳይ ተከራካሪዎች፣ ወይም መብታቸውን ከእነርሱ ባገኙ ሰዎች መካከል ቀደም ሲል ተሰምቶ የመጨረሻ ፍርድ ካገኘ ማንኛውም ፍርድ ቤት ያንኑ ጭብጥ ዳግም እንዳያይ ይከለክላል። ስለዚህ በቤት ባለቤትነት ክርክር የተረታ ሰው ቤቱን ለልጁ በስጦታ ቢያስተላልፍ፣ ልጁ ክርክሩን በራሱ ስም እንደ አዲስ ሊጀምር አይችልም። ክልከላው በግልጽ በተነሳው ነገር ላይ ብቻ አያበቃም፤ በፊተኛው ክርክር ሊነሳ ይችል የነበረና መነሳትም የነበረበት ማጥቂያ ወይም መከላከያ እንደተነሳ ይቆጠራል። በብድር ተከሶ “ከፍያለሁ” የሚለውን መከላከያ ሳያቀርብ የተፈረደበት ሰው በኋላ ደረሰኙን ይዞ ከፍዬ ነበር በማለት ክስ ቢመሠርት በዚሁ ደንብ ይመለሳል። እንዲሁም ከሳሽ ዋናውን ገንዘብና ወለዱን ጠይቆ ፍርዱ ስለ ወለዱ ዝም ካለ፣ ወለዱ እንደተነፈገ ይቆጠራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ባለጉዳዮችን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ፍርድ እንደተነበበ የተጠየቀው ዳኝነት ሁሉ ምላሽ ማግኘቱን ማመሳከር ትልቅ ጥንቃቄ ነው። ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ መዝገቡ በተዘጋበት ጉዳይ ግን እገዳው አይሠራም። ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያግድ አልፎ አልፎ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ፍርዱ እስካልተነሳ ድረስ እንደ ማንኛውም ፍርድ የሚታይ ይመስላል።

ተከራካሪዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ፍርዱ ማገጃ መሆኑ ይቀርና ማስረጃ ይሆናል፤ የማስረጃነቱ ወሰን ግን በጥንቃቄ መለየት አለበት። ፍርዱ በማን መካከል፣ መቼ፣ ምን ተብሎ እንደተወሰነ በማንኛውም ሰው ላይ ያስረዳል። ለምሳሌ ዋስ በባለዕዳው ፈንታ እንዲከፍል እንደተፈረደበት በፍርዱ ግልባጭ አሳይቶ የከፈለውን ከባለዕዳው መጠየቅ ይችላል። በሐተታው ውስጥ ተረጋግጠዋል የተባሉት ፍሬ ነገሮች ግን በዚያ ክርክር ያልተሰማን ሦስተኛ ወገን አያስሩትም። እንዲያውም በክርክሩ ተካፋይ መሆን የነበረበት ወይም የሚችል፣ ነገር ግን ሳይካፈል ፍርዱ መብቱን የነካበት ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በአንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ እንዲያቀርብ ሕጉ በር ከፍቶለታል።

የወራሽነት ማስረጃ በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ አለው። በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ወራሹ የሟች ወራሽ መሆኑንና ድርሻውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት ይወስዳል፤ የምስክር ወረቀቱ እስካልተሰረዘ ድረስም ያዡ በሌሎች ዘንድ እንደ ወራሽ ይቆጠራል። ብዙውን ጊዜ ማስረጃው የሚሰጠው ተቃዋሚ ሳይኖር በአመልካቹና በምስክሮቹ ቃል ስለሆነ፣ በሁለት ወገን ክርክር ከተሰጠ ፍርድ ጋር እኩል ክብደት ሊሰጠው አይገባም የሚለው አስተያየት ትክክል ነው። እውነተኛው ወራሽ በአንቀጽ 999 ወራሽነቱ እንዲታወቅለትና ንብረቱ እንዲመለስለት ሊከስ ይችላል፤ ክሱ መብቱንና ንብረቱ በተከሳሹ እጅ መግባቱን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

በወንጀል የተሰጠ ፍርድ በፍትሐብሔር ክርክር ስላለው ዋጋ የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 ግማሹን መልስ በግልጽ ሰጥቷል፤ ተከሳሹ በወንጀል ነጻ መባሉ ወይም ክሱ መቋረጡ የካሳ ክርክሩን የሚሰማውን ፍርድ ቤት አያስገድደውም። ምክንያቱ የማስረዳት ደረጃው መለያየቱ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ሲኖርበት፣ የካሳ ጠያቂው ማስረጃ ሚዛን መድፋቱ ይበቃል። በተጨማሪም አንዳንዱ ኃላፊነት ጥፋትን ጨርሶ አይጠይቅም። በመኪና አደጋ ሾፌሩ በቸልተኝነት ተከስሶ ነጻ ቢወጣ እንኳ የመኪናው ባለቤት በአንቀጽ 2081 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል። የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሆን ግን ሕጉ ዝም ብሏል። በግልጽ የተደነገገ ሕግን መተላለፍ በአንቀጽ 2035 ራሱን የቻለ ጥፋት በመሆኑ፣ የጥፋተኝነት ፍርዱ ቢያንስ ጠንካራ ማስረጃ ነው ማለት ይቻላል፤ የጉዳቱ መጠን ግን ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

በወንጀል ክርክር ውስጥ አንድ ሰው በመጨረሻ ፍርድ ጥፋተኛ ወይም ነጻ በተባለበት ወንጀል ዳግም እንደማይከሰስ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ያረጋግጣል። ሌላው ጥበቃ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 138 ነው፤ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋቶች ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ አይገለጹም። የቀድሞ ፍርዱ የሚቀርበው ቅጣት ሲወሰን፣ ደጋጋሚነትን ለማስረዳት ነው።

ሦስተኛው መልክ በትክክለኛ ትርጉሙ ማስረጃ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተፈጸመ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት) ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሆነ፤ ችሎቱ ራሱ ግን በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን እንደገና የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም አስገዳጅነቱን ጠብቆታል። ችሎቱ ውሳኔዎቹን በተከታታይ ቅጾች እያሳተመ ማሰራጨቱ ለሀገሪቱ የሕግ ሙያ ያበረከተው ድርሻ ላቅ ያለ ነው፤ በሩቅ ወረዳ የሚሠራ ዳኛ ከዋና ከተማው ባልደረባው ጋር አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲሠራበት አስችሏል። የሚያስገድደው ትርጉሙ እንጂ በዚያ መዝገብ የተረጋገጠው ፍሬ ነገር ስላልሆነ፣ ጠበቃ የሰበር ውሳኔ ሲጠቅስ የራሱን ፍሬ ነገር በራሱ ማስረጃ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የውጭ አገር ፍርድ ለመፈጸም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 የኢትዮጵያ ፍርድ በዚያ አገር የሚፈጸም መሆኑን፣ ፍርዱ በሕግ በተቋቋመ ፍርድ ቤት የተሰጠና የመጨረሻ መሆኑን፣ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱን፣ እንዲሁም ፍርዱ የሕዝብን ፀጥታና መልካም ጠባይ የማይቃረን መሆኑን ይጠይቃል።

በማናቸውም መልክ የሚቀርብ የአገር ውስጥ ፍርድ በሬጅስትራር ተረጋግጦና የፍርድ ቤቱ ማኅተም አርፎበት በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ መገለጽ አለበት። ግልባጩን ያለ ብዙ መዘግየትና ወጪ ማግኘት ያልቻለ ተከራካሪ ይህንኑና መዝገቡ ለክርክሩ አስፈላጊ መሆኑን በቃለ መሐላ አስረድቶ፣ በአንቀጽ 145 መሠረት ዋናው መዝገብ ካለበት ፍርድ ቤት እንዲቀርብለት ማመልከት ይችላል።