ውሻ የሰው አነቃቂ ክኒን ከዋጠ ሂሳቡ በኪሎ ነው
«ሰው በየቀኑ የሚውጣት አንዲት ክኒን ውሻን ምን ታደርገዋለች?» እዚህ ጎንደር ውሻ ባለን ሰዎች መሃል ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ነገሩ ያለው ክብደቱ ላይ ነው።

ለትኩረት ችግር የሚታዘዘውን ሜቲልፌኒዴት እንውሰድ። ባለ 10 ሚሊግራሟ ክኒን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 0.17 ሚሊግራም ገደማ ትደርሳለች። ለ5 ኪሎ ቡችላ ግን 2 ሚሊግራም! ውሻ ላይ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በታች እንኳ ምልክት ሊያሳይ ይችላል።

ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ውሻው ይቁነጠነጣል፣ ዝም ብሎ ይዞራል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፤ ሲብስ ያንዘፈዝፈዋል። የሚለያየው ሰዓቱ ነው። ቀስ እያለ የሚሟሟው ዓይነት ምልክቱን ለሰዓታት ሊያዘገየው ስለሚችል «ደህና ነው እኮ» ብላችሁ አትቀመጡ።

ወተት የዚህ ማርከሻ አይደለም። መንቀጥቀጥ የጀመረን ውሻ ለማስመለስ መሞከር ደግሞ ትውከቱን ወደ ሳንባው ሊልከው ይችላል፤ እባካችሁ ተዉት። የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ፣ ውሻውን ከፀሐይና ከጫጫታ አርቃችሁ፣ ወዲያው እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ እዚያም ጠይቁ። ስንት ክኒን እንደጎደለ ቆጥራችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።