የቦርድ ሥልጣን በሥራ አስኪያጁ ላይ፦ ገደቡ ምንድን ነው?

አጎቴ መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ነው የሚኖሩት። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቦርድ አባል ናቸው። የስብሰባ ዕለት ሌሊት ተነስተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአውቶቡስ ይመጣሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ገና አረፍ ከማለታቸው ወፍራም ሪፖርት ፊታቸው ተደረገ። ሻይ መጣ። ሻዩ ሳያልቅ የሚፈረም ወረቀት ተከተለ። ያን ሁሉ ገጽ መቼ አንብበው ነው የሚፈርሙት?

በወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። በአክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ቦርዱን ይመርጣሉ። ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ይቆጣጠራል፣ ካልሆነም ያሰናብታል። ድርጅቱ ሲንገዳገድ ታዲያ ሰው ሁሉ «ቦርዱ ለምን አያባርረውም?» ይላል።

መጀመሪያ ነገር፣ ቦርድ ማለት አንድ ሰው አይደለም። አባሉ ለብቻው፣ ሰብሳቢውም ቢሆን፣ በስልክ «እገሌን ቅጠርልኝ» ቢል ያ የቦርድ ትእዛዝ አይሆንም። ሥልጣኑ የሚኖረው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ ድምፅ ተሰጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ሲያዝ ነው። የዕለት ሥራው ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ነው።

ማሰናበቱም ቢሆን ወጪ አለው። ሥራ አስኪያጅ የሥራ መሪ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም። የሚታየው ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ውሉ በግዴለሽነት ከተጻፈ ስንብቱ ድርጅቱን ብዙ ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። ባንክ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ የመረጠው ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ይሁንታ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሕጉ አይደለም፤ ማወቅ ነው። መንዝ ውስጥ በጉን ለርቢ የሰጠ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። በጉ የእሱ ነው፤ በፈለገ ጊዜ ሊወስደው ይችላል። ግን ውሎና አዳሩ ከአርቢው ጋር ነው። ስንት ወለደች፣ የትኛው ታመመ፣ የትኛውን ጅብ በላው፣ ሁሉንም የሚሰማው ከአርቢው አፍ ነው። ቦርድም እንደዚያው ነው። በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል። ስለ ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀው አብዛኛውን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከጻፈው ነው። ስለዚህ ነው የውስጥ ኦዲተሩ ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን በቀጥታ ለቦርዱ ሪፖርት ያድርግ የሚባለው። ይህ ካልሆነ የማባረር ሥልጣን መኖሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ቦርዱ የሚነቃው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ቦርዱ ቆርጦ ቢያባርር እንኳ ነገሩ እዚያ ላያበቃ ይችላል። ኅዳር 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የሠራው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ቦርድ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ሳም አልትማንን አሰናበተ። ሥልጣኑ ነበረው። ከ770 ገደማ ሠራተኞች ግን ከ700 በላይ የሚሆኑት «እሱ ካልተመለሰ እንለቃለን» ብለው ፈረሙ። ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው ማይክሮሶፍትም እሱንም ሠራተኞቹንም ልቅጠር አለ። በአምስት ቀን ውስጥ አልትማን ተመለሰ፤ ካሰናበቱት የቦርድ አባላት አብዛኞቹ ወንበራቸውን ለቀቁ። ሠራተኛውና ገንዘቡ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ከቆሙ፣ የቦርዱ ድምፅ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አጎቴ ያን ቀን እስክሪብቶውን ተቀበሉና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ይህን ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብለህ ላክልኝ» አሉት ሥራ አስኪያጁን። «ልጄ ታነብልኛለች፤ ያልገባኝን ደውዬ እጠይቅሃለሁ፤ ከዚያ እፈርማለሁ።» አጠገባቸው የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎችም እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።