ሜሞሪ ማፒንግ ምንድን ነው? አድራሻ ሁሉ ሜሞሪ አይደለም

«የጻፍሁትን መልሼ ባነበው ዜሮ ሆነብኝ፤ ሜሞሪው ተበላሽቷል።» ይህን አባባል ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። የተጻፈበት አድራሻ የራም ሳይሆን የሌላ ሃርድዌር ክፍል ነውና፣ በዚያ አድራሻ የሚበላሽ ሜሞሪ ከመጀመሪያውም የለም።

ሜሞሪ ማፒንግ ፕሮሰሰሩ ራምን በሚጠራበት መንገድ ሌሎች የሃርድዌር ክፍሎችንም በአድራሻ እንዲጠራ ማድረግ ነው። በትንንሽ መሣሪያዎች ውስጥ በሚገኙት የኮርቴክስ-ኤም ፕሮሰሰሮች፣ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር፣ ከ20000000 የሚጀምረው ክልል ለራም፣ ከ40000000 የሚጀምረው ለፔሪፈራሎች፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ የየራሳቸውን ሥራ ለሚሠሩት የሃርድዌር ክፍሎች፣ ተመድቧል። አጻጻፉ አንድ ስለሆነ ከጀርባ ያለውም አንድ ይመስላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

አድራሻ የበር ቁጥር ነው። ራም ዕቃ ቤት ነው፤ ያስቀመጡትን መልሰው ያገኙበታል። ፔሪፈራል ግን ሠራተኛ ያለበት ቢሮ ነው፤ የሚገባለት ትእዛዝ ነው፣ የሚወጣውም መልስ። የፔሪፈራሉ ክሎክ፣ ማለትም ሥራውን የሚያስኬድለት የኤሌክትሪክ ምት፣ ካልተከፈተ ሠራተኛው የለም። በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች (ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ፔሪፈራሎች በአንድ ቺፕ የያዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) የጻፉት ያለ አንዳች ምልክት ይጠፋል፣ ንባቡም ዜሮ ይሆናል፤ በሌሎች ፕሮሰሰሩ በባስ ፎልት፣ ማለትም ከክፍሎቹ ጋር በሚያገናኘው መስመር (ባስ) ላይ በተፈጠረ ስህተት፣ ይቆማል።

አንድ ተከራካሪ «ቁጥር ከመለሰ መሣሪያው አለ ማለት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አይደለም! በኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ ካርዶች በሚያያዙበት በፒሲአይ ባስ ላይ የሌለ መሣሪያ መለያ ሲጠየቅ ቢቶቹ በሙሉ 1 ሆነው ይነበባሉ። በሩን የሚከፍት ሲጠፋ የሚሰማ ዝምታ ነው እንጂ የመሣሪያው ድምፅ አይደለም።

ማንበብም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ ተግባር አይደለም። በብዙ ዩአርቶች (በሽቦ ባይት በባይት የሚልኩና የሚቀበሉ ፔሪፈራሎች) የዳታ ሬጅስተሩ፣ ማለትም የደረሰው ባይት የሚነበብበት አድራሻ፣ ሲነበብ «ባይት ደርሷል» የሚለው ምልክት ይጠፋል። ፕሮግራሙን ባቆምሁ ቁጥር አንድ ባይት እየጎደለ ሽቦውን ስጠረጥር ውዬ አውቃለሁ። ባይቱን ይወስድ የነበረው ሬጅስተሮቹን እንዲያሳየኝ ክፍት የተውሁት የዲበገሩ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያው) መስኮት ነበር። ዕቃ ቤት ገብተው ቢያዩ ምንም አይጎድልም፤ እዚህ ግን ሠራተኛው ደብዳቤውን ላንኳኳው ሁሉ ያስረክባል።

ስለዚህ ቦርዱን ከመኮነን በፊት የፔሪፈራሉ ክሎክና ሪሴቱ (ክፍሉን ወደ መነሻ ሁኔታው የሚመልሰው ምልክት) ይታዩ። ክሎኩን የከፈተው ትእዛዝ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ያንኑ የክሎክ ሬጅስተር መልሶ አንብቦ ወደ ፔሪፈራሉ መሄድ ይሻላል። «ቮላታይል ብዬዋለሁ» የሚልም አይጠፋም፤ ቮላታይል «ይህን ንባብና ጽሕፈት አትዝለል» የሚል የኮድ ቃል ነውና የሚያስረው ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ነው፣ ባሱን አይደለም።