የተጣጣመ የፈተና ውጤት ምንድን ነው?

ጅማ ገበያ ላይ «አሥር ቡና አለኝ» ለሚል ሰው ገዢው መጀመሪያ የሚለው «ኪሎ ነው ፈረሱላ?» ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና መስፈሪያው ካልታወቀ ዋጋ መነጋገር አይቻልም። የአገሮች ተማሪዎች ምን ያህል ተማሩ ተብሎ ሲነጻጸርም ችግሩ ይኸው ነው፤ አንዱ አገር በአንድ ፈተና፣ ሌላው በሌላ ተለክቷል። የተጣጣመ የፈተና ውጤት እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ መስፈሪያ የሚያመጣ ቁጥር ነው።

የዓለም ባንክ፣ ዛሬ የሚወለድ ልጅ በጤናና በትምህርት ምን ያህል አቅም እንደሚያዳብር በሚገምትበት የሰው ካፒታል መለኪያው ይጠቀምበታል። በዚያ ሚዛን 300 የዝቅተኛ፣ 625 የላቀ ብቃት ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መለኪያ ኢትዮጵያ 348 ላይ ናት። አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን 18 ዓመት እስኪሞላው 7.8 ዓመት ይማራል ተብሎ ይጠበቃል። 7.8 በ348 ተባዝቶ ለ625 ሲካፈል 4.3 ይመጣል። ስምንት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ደብተር ይዞ ተመላልሶ ልጁ የሚያገኘው የአራት ዓመት ያህል ትምህርት ነው ማለት ነው። እንዲህ የሚያስደነግጥ ቁጥር እንዴት እንደተሠራ ሳያውቁ ማስተጋባትም ሆነ ማጣጣል አይገባም።

አገሮችን ለማነጻጸር ከሚሰጡት በዓለም ላይ የታወቁ ፈተናዎች ሁለቱ ቲምስና ፒሳ ናቸው። ቲምስ ከ1995 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብና በሳይንስ ይፈትናል። በ2000 የተጀመረው ፒሳ የሚፈትነው የ15 ዓመት ልጆችን ነው። ሁለቱም አማካያቸውን 500፣ ስርጭታቸውን (ውጤቶች ከአማካዩ የሚርቁበትን መጠን) 100 አድርገው ተነሥተዋል። የምሥራቃዊና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ፈተና ሳክሜክ፣ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ የአፍሪካ አገሮች ፈተና ፓሴክም እንዲሁ 500ን አማካይ አድርገዋል። ነገር ግን የእነሱ 500 የራሳቸው አባል አገሮች አማካይ ነው። በፓሴክ 500 ያመጣን አገር በቲምስ 500 ካመጣ ጋር እኩል ማድረግ ኪሎን ከፈረሱላ መደመር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የእኛ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ለዚህ አያገለግልም። የተዘጋጀው ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ለመለየት ነው፤ ጥያቄው በየዓመቱ ይለወጣል፤ ሌላ አገርም አይፈተነውም።

ማጣጣሙ የሚሠራው ሁለቱንም ፈተና በወሰዱ አገሮች በኩል ነው። አንዱን ጆንያ በሁለት ሚዛን እንደማስመዘን ነው። ለምሳሌ አገናኝ አገሮቹ በአካባቢው ፈተና በአማካይ 480፣ በቲምስ 360 አመጡ እንበል። 360 ለ480 ሲካፈል 0.75 ነው። እንግዲህ የአካባቢውን ፈተና ብቻ ወስዶ 520 ያመጣ አገር 520 በ0.75 ተባዝቶ 390 ይሰጠዋል። አገናኞቹ ጥቂት ከሆኑ፣ ወይም ሁለቱ ፈተናዎች በተራራቁ ዓመታት ከተሰጡ ማባዣው ይዛባል፤ ስሕተቱም ወደ ሁሉም አገር ይተላለፋል።

የክፍል ደረጃም መታየት አለበት። ደቡብ አፍሪካ በ2019ኙ ቲምስ ያስፈተነችው 5ኛና 9ኛ ክፍልን ነው፤ አብዛኞቹ አገሮች ግን 4ኛና 8ኛን። የአንድ ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ውጤቱ ውስጥ አለ። በተጨማሪ ፈተናው የሚሰጠው ለናሙና ስለሆነ እያንዳንዱ ውጤት የግምት ስሕተት አለው። የሁለት አገሮች የግምት ስሕተት ሦስት ሦስት ነጥብ ቢሆን፣ ልዩነታቸው ከ8 ነጥብ በላይ ካልሆነ አንዱ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ፒሳ ደግሞ ቢያንስ 7ኛ ክፍል የደረሱ ተማሪዎችን ብቻ ስለሚያይ፣ ደካሞቹ ቀድመው ትምህርት ያቋረጡበት አገር ጎበዝ መስሎ ይታያል።

ለጅማ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው የቋንቋው ጉዳይ ነው። በታችኛው ክፍል የማንበብ ምዘና፣ ኢግራ በሚባለው፣ ልጁ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጠራል። «ቡና» በፊደላችን ሁለት ፊደል ነው፤ ያው ቃል በአፋን ኦሮሞ በቁቤ አራት ፊደል ይሆናል። «መጽሐፍ» አራት ፊደል ሲሆን «ኪታባ» በቁቤ ሰባት ነው፤ ረጅሙ ድምፅ ሁለት ፊደል ይወስዳልና። ይህ ማለት አማርኛው ቀላል ነው ማለት አይደለም። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ ልጁ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ቁቤ ግን ጥብቀቱን ፊደሉን በመድገም ያሳያል። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚማረው 30 ቃል፣ በአማርኛ የሚማረው 40 ቃል በደቂቃ ቢያነብ ሁለተኛው ይበልጣል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። አንድ ከተማ ውስጥ እንዲህ ከሆነ በአገሮች መካከል ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ከቋንቋ ቋንቋ በተሻለ የሚነጻጸረው አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉት ልጆች ድርሻ ነው፤ አለማንበብ በየትኛውም ፊደል ያው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 አማርኛና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በኢትዮጵያ በተደረገው ኢግራ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል አላነበቡም።